ሻይ ያመጣችው ልጅ የት ገባች?

በቅርቡ ለመምህራን በተዘጋጀ አንድ ሥልጠና ላይ፣ ከአዲስ አበባ የመጣው አሠልጣኝ እንግሊዝኛዬን ሰምቶ የት እንደተማርኩ ጠየቀኝ። ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ በስልክ፣ ከኢንተርኔት የቆዩ ልቦለዶችን እያወረድኩ ነው አልኩት። ፊቱ በራ። ወደ ተሰብሳቢው ዞሮ «አያችሁ! ፍላጎት ካለ ሁሉም ነገር በነፃ አለ። ሰበብ አንደርድር» አለ። አዳራሹ አጨበጨበልኝ። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ማይኩን ነጥቄ ልጮህበት ዳድቶኝ ነበር፤ ሰዉ ምሳውን እየጠበቀ ስለነበር ተውኩት። መተዌ ደግሞ የባሰ አናደደኝ። በነፃ አለ! ማን ከፍሎት እንደሆነ ያላየ ሰው ነው እንዲህ የሚለው። ያን ቀን ያልተናገርኩትን አሁን እናገራለሁ።

ያደግኩት ከሚሴ ነው። አባቴ ከጨፋ ገበሬዎች ማሽላና ጤፍ እየገዛ የሚሸጥ፣ ከባቲ የሰኞ ገበያ የማይቀር ነጋዴ ነው። እናቴ አፏን የፈታችው በኦሮምኛ፣ አባቴ በአማርኛ ነው፤ እኛ ልጆች በአንዱ ጀምረን በሌላው እንጨርሳለን። እንግሊዝኛ ግን የማናችንም አልነበረም። ትምህርት ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ማለት ከሥሩ ጥያቄ የተደረደረበት አጭር ጽሑፍ ነው። መምህሩ ጽሑፉን በአማርኛ ይተርክልናል፣ እኛ መልሱን እንመርጣለን፣ ደወል ይደወላል። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እስክጨርስ በዚያ ቋንቋ የተጻፈ አንድ ሙሉ መጽሐፍ አላየሁም። አላነበብኩም ማለቴ አይደለም፤ በዓይኔ አላየሁም። ከዚያ በዚያው ቋንቋ ፈተኑኝና ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባውን ነጥብ ለጥቂት ሳትኩት። ሰነፍ ነሽ ያሉኝ ሰዎች ነበሩ። ዛሬም ሳስታውሳቸው እበሽቃለሁ።

ታላቅ እህቴ ትምህርቷን አቋርጣ አረብ አገር ከገባች ቆይታለች። የሰው ቤት ሠራተኛ ናት። በምትልከው ገንዘብ ከአሮጌው ቤታችን ጎን አንድ የብሎኬት ክፍል ተሠራ፤ ልስን ሳይደረግለት ቀረ እንጂ። ኋላ ደግሞ ወደ አገር በሚመለስ ሰው እጅ ስልክ ላከች፤ በጣት የሚነካ፣ የሰው ፊት የሚያሳይ። ስልኩ የእናቴ ነው ተባለ፤ የልጇን መልክ እንድታይበት። እናቴ ግን ስልኩን እንደ ጋለ ብረት ነው የምትፈራው። ስለዚህ የምከፍተውም፣ የምዘጋውም፣ ቻርጅ የማደርገውም እኔ ሆንኩ። የካርዱን ገንዘብ የምትልከው እህቴ ናት።

መጀመሪያ ስልኩ ላይ የፈለግኩት የፈተና መለማመጃ ነበር። በግል ተመዝግቤ እንደገና ልፈተን ነበር ሐሳቤ። ስፈልግ፣ ስፈልግ አንድ ቦታ ላይ ወደቅኩ፤ ጸሐፊዎቻቸው ከሞቱ ብዙ ዘመን ያለፋቸውን መጻሕፍት ሰብስቦ ለፈለገ ሁሉ የሚሰጥ። ማንነትሽን ተናገሪ አይል፣ መታወቂያ አምጪ አይል። አንዱን ከፈትኩ። ዝናብ የማያባራበት አገር፣ ኮረብታ ላይ ያለ ትልቅ ቤት፣ ባሏ የሞተባት ባለጸጋ ሴትዮ፣ ውርሷን የሚጠባበቁ ዘመዶች። በከሚሴ ሙቀት፣ ስልኩ ራሱ እጄ ላይ እየጋለ፣ ስለ ጉምና ስለ ብርድ አነባለሁ። ምዕራፉ ሲያልቅ ጥያቄዎቹን ፈለግኩ። የሉም። ቀጥሎ ሌላ ምዕራፍ ነው ያለው። የሚጠይቀኝ ሰው ሳይኖር እያነበብኩ እንደሆነ ሲገባኝ ብቻዬን ሳቅኩ።

ቀላል እንዳይመስላችሁ። በየመስመሩ የማላውቀው ቃል ይጠብቀኛል። መዝገበ ቃላቱን ስከፍት መጽሐፉ ይዘጋል፤ ስመለስ ስልኩ ወደ መጀመሪያው ገጽ ይወስደኛል። እሰድበዋለሁ። የታላላቅ ዩኒቨርሲቲ አስተማሪዎች ስለ ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምሩ የተቀረጹባቸው ቪዲዮዎችም በነፃ አሉ ይባላል። አሉ። ሽማግሌው ፕሮፌሰር ይመጣል፣ መነጽሩን ያስተካክላል፣ አፉን ይከፍታል፤ እንደከፈተ ይቀራል። የእህቴ ካርድ ያልቃል እንጂ እሱ አንድ ቃል አይወጣውም። መብራት ሲጠፋ ስልኩም አብሮ ይሞታል። እኔ ግን እልኸኛ ነኝ። መጽሐፉ ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ ቶሎ ይወርዳል፤ ከወረደ በኋላ የኔ ነው፤ ስለዚህ በመጽሐፉ ጸናሁ።

ለማውረድ ኔትወርክ ያስፈልጋል። ኔትወርኩ ደግሞ ቤታችን ውስጥ የሚገባው በብሎኬቱ ክፍል መስኮት በኩል ብቻ ነው። መስኮቱ የሚያየው ወደ አስፋልቱ ነው፤ ከአዲስ አበባ ደሴ የሚሄደው መኪና ሁሉ በዚያ ያልፋል። እኔ መስኮቱ ላይ ቆሜ ክንዴን ወደ ውጭ እዘረጋለሁ፤ ስልኩን ከፍ፣ ዝቅ፣ ወደ ቀኝ እያደረግኩ መጽሐፉ እስኪወርድ እጠብቃለሁ። ሰፈሩ ያየው ሌላ ነገር ነው። ሰፈሩ ያየው ለትዳር የደረሰች ልጅ በየቀኑ መስኮት ላይ ቆማ ለሹፌሮች ስልክ ስታወዛውዝ ነው። ሚኒባሶቹ ጥሩምባ ይነፉልኛል፣ የባጃጅ ልጆች እጃቸውን ያነሣሉ፣ እኔ አንድም ቀን አላየኋቸውም። ሴትዮዋ ኑዛዜዋን ቀየረች አልቀየረችም፤ የኔ ጭንቀት ይህ ነበር።

እህቴ የምትደውለው አሠሪዋ ከምሳ በኋላ ጋደም ስትል ነው፤ ከማድ ቤት፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። እናቴ ታያታለች፣ ታለቅሳለች፣ አልሃምዱሊላህ ትላለች፣ ከስተሻል ትላታለች። ከዚያ ተራው የኔ ነው። እህቴ አትጠይቀኝም ስለ ሰፈሩ። «ያቺ ሴትዮስ?» ነው የምትለኝ። ያነበብኩትን እተርክላታለሁ። ዘመዶቹ እንዴት እንደሚነካከሱ ስነግራት አፏን በእጇ ይዛ ትስቃለች። እኔ ከማንም ጋር ስለ መጽሐፍ አውርቼ የማውቀው ያኔ ነው፤ ዛሬም ከማንም ጋር እንደዚያ አላወራሁም።

አንድ ቀን እንግዶች የተሰበሰቡበትን ምዕራፍ ነገርኳት። ሻይ የምታቀርበው ልጅ ትሪውን ትጥላለች፤ ሴትዮዋ ራስ ምታት ይነሣባታል፤ በማግስቱ ልጅቷ ከቤቱ እንድትወጣ ተደረገ ይላል መጽሐፉ። ይህን በአንድ መስመር ተናግሮ ወደ ውርሱ ይመለሳል። እኔም ወደ ውርሱ ስመለስ እህቴ አቆመችኝ።

«ቆይ፣ ቆይ። ልጅቷ የት ገባች?»

«የቷ ልጅ?»

«ሻይ ያመጣችው ነዋ! ትሪው የወደቀባት። የት ሄደች? ደሞዟን ሰጥተዋታል?»

«አይልም።»

«እንዴት አይልም? ይህን ሁሉ ጽፎ?»

ወደ ኋላ ተመለስኩ፤ ወደ ፊት ፈለግኩ። ልጅቷ የለችም። ስም እንኳን አልሰጣትም። ስለ ሴትዮዋ ድመት ገጽ ሙሉ ጽፏል፤ ስለ ልጅቷ አንድ መስመር። እህቴ ወዲያ ማዶ አንገቷን አስግጋ መልሴን ትጠብቃለች። እኔ ያን ቀን በሞተ ጸሐፊ ላይ ተናደድኩ። ከዚያ በኋላ ያነበብኳቸው ብዙዎቹም የትልልቅ ቤት ታሪኮች ሆኑብኝ፤ በየቤቱ በር የምትከፍት፣ ሻማ ይዛ የምትገባ፣ ሥራዋን ጨርሳ የምትጠፋ አንዲት ልጅ አለች። እህቴ በየመሐሉ «አሁንስ? ተገኘች?» ትለኛለች፤ የመጀመሪያዋን ልጅ ማለቷ ነው። መጽሐፉ ገና አላለቀም እላታለሁ።

ወሬው አባቴ ሱቅ ደረሰ። ከሰዓት በኋላ ሳይታሰብ መጣና መስኮቱ ላይ አገኘኝ።

«ውረጂ ከዚያ!»

«መጽሐፍ ነው አባ፤ እያወረድኩ ነው።»

ስልኩን ተቀብሎ አገላብጦ አየው። «መጽሐፍ እንዲህ ያበራል እንዴ? ሞኝ አደረግሽኝ?»

አባቴ ክፉ ሰው አይደለም። እንዲያ ብዬ እንድጽፍ ማንም አላስገደደኝም፤ እውነት ስለሆነ ነው። ግን ሰው ምን ይለኛል የሚለው ነገር ከልጁ ይበልጥበታል። ያን ቀን ወሰነ፤ ሳትበላሽ እህቷ ጋ ትሂድ። አልሄድም አልኩ። ፈተናዬን ልፈተን አልኩ። ማንም አልሰማኝም። እናቴ ጉልበቷን አቅፋ «ማል ጎና፣ ኢንተላ ኮ?» አለችኝ፤ ምን እናድርግ ልጄ ማለቷ ነው። ምን እናድርግ ብሎ ማልቀስ በዚያ ቤት የሴቶቹ ሥራ ነበር። እህቴ ስትደውል አባቴ ስልኩን ራሱ ያዘውና ነገራት። ለኔ እንዲሰጠኝ ጠየቀችው። ከዚያ «በርቺ፤ ትለምጂዋለሽ» አለችኝ። እሷ እንኳን! ጠላኋት። ከልቤ ነው፣ ያን ሳምንት ጠላኋት።

ሠራተኛ ወደ አረብ አገር የሚልከው ደላላ መጣ። የተተኮሰ ሸሚዝ የለበሰ፣ ሁሉን ሰው «የኔ ዘመድ» የሚል ሰውዬ ነው። እንደ በግ ከላይ እስከ ታች አየኝ። ልብስ ማጠብ ትችላለች? ምግብ? ጤና? አባቴ ለሁሉም አዎ፣ አዎ አለ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለውና ደረቱን ነፋ።

«እንግሊዝኛ ደግሞ ወላሂ እንደ ውሃ ነው የምትጠጣው! ቀኑን ሙሉ ስታነብ ነው የምትውለው።»

ይህን ያለው አባቴ ነው። «ውረጂ ከዚያ» ያለኝ፣ መጽሐፉን የሹፌር ወሬ ያደረገብኝ፣ እሱ ራሱ! ላነብበት ሲሆን ነውር፣ ልሸጥበት ሲሆን ሙያ። ደላላው ዓይኑ በራ። «እስቲ ተናገሪ» አለኝ። ከሚሴ ውስጥ እንግሊዝኛ ተናገሪ ያለኝ የመጀመሪያው ሰው ይህ ነው። በንዴት አፌ ላይ የመጣልኝን፣ ያቺ ባለጸጋ ሴትዮ ሠራተኛዋን የምታዝዝበትን አነጋገር፣ በእንግሊዝኛ እንዳለ አወረድኩበት፤ ሻዩን ወደ አትክልቱ ስፍራ አምጪ፣ ስትወጪ በሩን ዝጊ፣ እንዳትቆሚ አልኩት። ደላላው አልተነሣም። አልገባውም።

«ማሻአላህ! ማሻአላህ!» አለ። «እንዲህ የምትናገር ልጅ ተራ ቤት አትገባም። ትልቅ ቤት ነው የማስገባት። ልጆቻቸውንም በዚያው ታስጠናላቸዋለች።»

ትልቅ ቤት። ትልቅ ቤት ውስጥ ምን እንዳለ እኔ ነኝ የማውቀው። በሩን ከፍታ የምትጠፋ ልጅ አለች።

በኛ አገር መንገደኛ ያለ ዱአ አይሸኝም። ሐሙስ ከሰዓት ወዳጃው፣ የዱአው ስብሰባ፣ በብሎኬቱ ክፍል፣ በእህቴ ክፍል ተደረገ። ወንዶቹ በግድግዳው ዙሪያ ፍራሽ ላይ ተደርድረው ጫታቸውን ይዘዋል፤ ሴቶቹ በሩ አካባቢ ነን። በዕድሜ የገፉት ሸህ ከላይ ተቀምጠዋል። ሥርዓቱ የታወቀ ነው፤ ጉዳይ ያለው ሐጃውን፣ የልቡን ልመና፣ ይናገራል፣ ሸሁ እጃቸውን ዘርግተው ይለምኑለታል፣ ቤቱ አሚን ይላል። አሚን ከተባለ በኋላ ያን ነገር ማፍረስ የለም፤ አላህ ፊት የተባለ ነው። የአንዱ ላም ጠፍታለች፤ ያዝልን ተባለ፣ አሚን። የአንዷ ልጅ ሆዷን ያማታል፤ አሽርልን ተባለ፣ አሚን። ጫቱ ሲያመረቅናቸው ወንዶቹ በየመሐሉ ስለ ማሽላ ዋጋ ይንሾካሾካሉ፤ የሸሁ ድምፅ ትንሽ ቆም ባለ ቁጥር አሚን ይላሉ፤ ጆሮ ሌላ ቦታ ነው፣ አፍ ግን ሥራውን ያውቃል። ከሁሉ የሚጮኸው አባቴ ነው፤ ባለቤት ስለሆነ።

ሸሁ ዞር አሉ። «መንገደኛዋስ? ሐጃሽ ምንድን ነው?»

አባቴ ቀደመኝ። «መንገዷን ያቅናላት በሉልኝ።»

«ያንተን ሰማሁ» አሉ ሸሁ በርጋታ። «እሷን ነው የጠየቅኩት።»

አባቴ ሳቅ ብሎ አጠገቡ ወደተቀመጠው ደላላ ዞረና ወሬውን ቀጠለ። ምን ልትል ትችላለች? ሁሉም ልጅ የምትለውን ነዋ። ጎረቤቶቻችን የሸኟቸው ልጆች ሁሉ አንድ ነገር ነው ያሉት። እኔ ከሴቶቹ መሐል ተነሥቼ ወደ ሸሁ ጠጋ አልኩና ተንበረከክኩ።

«አልሄድም፣ አባ ሸህ። እዚሁ ሆኜ ልማር። የጀመርኩትን ልጨርስ። ሐጃዬ ይህ ነው።»

ሸሁ አዩኝ። እጃቸውን ዘረጉ።

«ያ ረቢ፣ ይህችን ልጅ በአገሯ አጽናት።»

«አሚን!» አለ ቤቱ።

«የጀመረችውን ትምህርት ፍጻሜ አድርስላት።»

«አሚን!»

«ከእናት ከአባቷ ቤት አታርቃት።»

«አሚን!» የአባቴ ድምፅ ከሁሉ በላይ ጮኸ፤ ከዚያ መሐል ላይ ተቆረጠ። እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። ደላላው «ምን አሉ? ምን አሉ ሸሁ?» ይላል። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛለች፤ እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች እስካሁን አልነገረችኝም።

«ተባለ» አሉ ሸሁ። መዳፋቸውን ፊታቸው ላይ አሳለፉ። «አሚንም ተባለ።» ከዚያ የጎረቤታችንን የጉልበት ሕመም ቀጠሉ።

ገና ሳይመሽ አባቴ ግቢው ውስጥ ያዘኝ። «በሰው ፊት አዋረድሽኝ!»

«አሚን ያልከው አንተ ነህ» አልኩት። «ሰምተህ ብትሆን ኖሮ አትልም ነበር። ልጅህን መስማት ማን ከለከለህ?»

አልመታኝም። ለብዙ ጊዜም አላናገረኝም። ግን አሚን ያለውን አላፈረሰም፤ ገበያ ላይ ሲጠይቁት «ተብሎባታል» ይል ነበር አሉ፣ ራሱ ያላለው ይመስል። እኔ መስኮቴ ላይ ቆምኩ። እንደገና ተፈተንኩ፣ አለፍኩ፣ እንግሊዝኛ አስተማሪ ሆንኩ። እህቴ ዛሬም እዚያው ናት።

ከዱአው በኋላ የደወለች ቀን እናቴ ከገበያ ገና አልተመለሰችም ነበር፤ ለብቻዬ አገኘችኝ። ፊቷ ገርጥቷል፤ ከኋላዋ ነጭ የማድ ቤት ግድግዳ ይታያል። ሰምታለች። አሁንም እንደተቆጣኋት ነበር፤ «በርቺ» ያለችኝ አልወጣልኝም።

«ሐጃሽን ሲጠይቁሽ እንዲያ አልሽ?»

«አዎ አልኩ።»

«አባስ?»

«አሚን አለ።»

ሳቀች፤ አፏን በእጇ ይዛ። ከዚያ ሳቋ ቆመ።

«እኔንም ጠይቀውኝ ነበር» አለች። «እዚያው ቤት፣ ገና ብሎኬቱ ሳይሠራ፣ አሮጌው ክፍል ውስጥ። ሸሁም እሳቸው ናቸው። አባ በሩ ላይ እንዲህ በዪ ብሎኝ ነበር፤ መንገዴን ያቅናልኝ በዪ። አልኩ። ሌላ ማለት እንደሚቻል አላወቅኩም ነበር እታለም።»

ንዴቴ ሁሉ የሚገባበት ጠፋው። በእጄ የያዝኩት ስልክ፣ የቆምኩበት ክፍል፣ የማወርድበት ካርድ፣ ሁሉም የሷ ነው። እኔን በነፃ ተማርሽ ይሉኛል! ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ፤ እንዳላለቅስ ነው የፈለገችው።

«ይልቅ ያቺ ልጅስ? ሻይ ያመጣችው። ተገኘች?»

መጽሐፉን ከጨረስኩት ሰነባብቻለሁ። ሴትዮዋ ሞታለች፣ ዘመዶቹ ውርሱን ተካፍለዋል፣ ድመቷ እንኳን አሳዳጊ አግኝታለች። ልጅቷ አልተገኘችም።

«ተገኘች» አልኳት። «መጨረሻው ምዕራፍ ላይ። አገሯ ገባች።»

«አገሯ ገባች?»

«አዎ። እናቷ በር ላይ ቆማ ነው የተቀበለቻት።»

«ደሞዟንስ?»

«ሙሉውን ሰጥተዋታል።»

«አልሃምዱሊላህ» አለች እህቴ ቀስ ብላ። ዓይኗን ጨፈነች። ወዲያው ከቤቱ ውስጥ የሴት ድምፅ ተጣራ፤ አጭር፣ ቁጡ። እህቴ ስልኩን የሆነ ቦታ ላይ አስቀምጣ ሮጠች፤ ለመዝጋት እንኳን ጊዜ አላገኘችም። እኔ ጋ የቀረው የማድ ቤቱ ጣራ ብቻ ነው። ካርዱ እስኪያልቅ ድረስ ጣራውን አየሁት።